ዲና ግሪት

ጆሃንስበርግ ውስጥ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ስትሮክ አንደበታቸውን የያዘባቸው ሰዎች እንደገና እንዲናገሩ አግዛለሁ። ባለፈው ዓመት ወደኛ ሆስፒታል የገቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ባል አግብተው ከስኮትላንድ የመጡ። ስትሮኩ እንግሊዝኛቸውን ወስዶታል። ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል ከነርሶቹ አንድም የሚረዳ አልነበረም።

እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ገና አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ እንባዋ ይቀድማታል። እናትየው ታዲያ በደህናው እጃቸው ክንዷን ነቅነቅ እያደረጉ «ዲና ግሪት! ዲና ግሪት!» ይሏታል።

ግሪት በእንግሊዝኛ ሰላምታ መስጠት ነው፤ ዲና ደግሞ «ዶንት»፣ አታድርጊ የሚለውን ይመስላል። አንድ ቀን ልጅቱ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና፣ «ሰላም አትበይኝ እያለችኝ እኮ ነው። ምን በድያት ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ አላቆም አለ። አሮጊቷ መስኮቱን እያዩ «ድሪኽ» አሉ። ኸን ከጉሮሯቸው ነው ያወጧት፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። እኔ ቤት ውስጥ ጉራጌኛ እየተናገርኩ ነው ያደግሁት፤ አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬም ድንገት ስደነግጥ አፌ ላይ የሚመጣው ጉራጌኛው ነው። «ድሪኽ» ብዬ መለስኩላቸው። ፊታቸው በራ።

የልጅነት ቋንቋቸው ቢሆንስ ብዬ ኮምፒውተር ላይ የስኮትኛ መዝገበ ቃላት ፈለግሁ። በጆሮዬ እንደሰማሁት ብጽፍ የለም። ለካ አንዱ ቃል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ እኛ ፀሐይን አንዴ በጸ፣ አንዴ በፀ እንደምንጽፋት። ፊደሉን እየለዋወጥኩ ስሞክር ድሪኽ ተገኘ፤ ጨፍጋጋ፣ ዝናባማ ቀን ነው። ከዚያ ግሪትን ፈለግሁ። ማልቀስ ይላል።

ልጅቱ ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኋት።

«እናትዎ ሰላም አትበይኝ አላሉም። አታልቅሺ ነው የሚሉዎት።»

አፏን በእጇ ያዘች። «ትንሽ ሳለሁ እንዲህ ታወራኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ተወችው፤ እንግሊዝኛሽ ይበላሻል ብላ» አለች። ገብታ እናቷን አቅፋ ከበፊቱ አብልጣ አለቀሰች።

«ዲና ግሪት» አሉ እናትየው።

«እሺ እማዬ፣ አላለቅስም» አለች፣ እያለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ትምህርታችንን በእነዚያ ቃላት ጀመርን። ልጅቱም አብራን ተቀመጠች። ከሳምንታት በኋላ እንግሊዝኛውም ቁርጥራጩ መመለስ ያዘ።

ከሆስፒታል በወጡበት ቀን ልጅቱ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋች «ሆም፣ እማዬ፤ ቤታችን» አለቻቸው።

«ሄም» አሉ እናትየው ቆጣ ብለው፣ በልጅነት ቋንቋቸው።

«ሄም» አለች ልጅቱ፤ ወደ መኪናዋ ይዛቸው ሄደች።