ባሌ በተዘጋ ስልክ ከማን ጋር ነበር የሚያወራው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፤ ሱሉልታ፣ ሣር ታጭዶ ሜዳው በድርቆሽ ክምር በሚሞላበት ሰሞን። ዛሬም የድርቆሽ ሽታ ሲሸተኝ መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ከዚያ ሆዴ ይባባል።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ተጠራጣሪ ነኝ። ዳቦ እንኳ ስገዛ ገልብጬ ታቹን ሳላይ አልከፍልም። ባለቤቴ ግርማ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ተጠራጣሪና ዝምተኛ አንድ ቤት ሲኖሩ ምን እንደሚፈጠር እናንተው አስቡት።

አዲስ አበባ ኪራይ ሲወደድብን ሱሉልታ መጥተን አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። እዚያ እያለን አረገዝኩ። ልጁ ግን ሳይወለድ ሆዴ ውስጥ ሞተ። እኔ ጮኼ አለቀስኩ። ግርማ አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሰም። ከሆስፒታል ስንመለስ ለልጁ የገዛነውን ብርድ ልብስ አጣጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተና «ሻይ ላፍላልሽ?» አለኝ። ይሄ ሰው ልብ የለውም እንዴ? አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ተለወጠ። ድሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞረን አብረን ነበር የምንጸልየው። እኔ ውዳሴ ማርያም አነባለሁ፣ እሱ ከጎኔ ቆሞ ይከተላል። ቀስ በቀስ «ረፈደብኝ» እያለ ሹልክ ማለት ጀመረ። ማታም ማምሸት አመጣ። ስደውልለት ያቺ የስልክ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን ዘግተዋል» ትለኛለች። በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሷንም መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ አከራያችን አዴ ጫልቱ ጠጋ አሉኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሰው ቤት ጉዳይ መግባት አልወድም። ግን ባልሽን ትናንት በሜዳው በኩል ሲመጣ አየሁት። ስልክ ያወራል፣ ያለቅሳል። ወዲያው ደግሞ ይስቃል።»

«ከማን ጋር?»

«እኔ ምን አውቄ! ለሥራ ስልክ ግን ሰው እንዲህ አያለቅስም።»

ስልኩ ለእኔ ዝግ ነው፣ ለሌላ ግን ይለቀስበታል! ለልጃችን ያልወጣ እንባ ለማን ወጣ? ጤነኛ ልጅ የምትወልድለት አግኝቷል ብዬ ደመደምኩ። እሱ ሲታጠብ ኪሱን በረበርኩ፤ ሁለተኛ ስልክ የለም። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። እንዴት ያለ ጎበዝ ደባቂ ቢሆን ነው!

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ሜዳው ላይ አንድ የድርቆሽ ክምር ጀርባ ተሸሸግኩ። ሣሩ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ያሳክከኛል። የሱሉልታን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አጥንት ይሰብራል። ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ሲያልፉ አንዷ ልጅ ቆም ብላ «እናት፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ሂጂ፣ ሩጫሽን ሩጪ!» አልኳት።

ግርማ ከሰፈራችን በፊት ከሚኒባሱ ወርዶ በሜዳው መጣ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ሲቀርብ ድምፁ ተሰማኝ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ የለሰለሰ፣ የሚለምን ድምፅ። «ቤት ውስጥ አልችልም፣» ይላል፣ «ሰናይት ፊት አልችልም።»

ስሜን ስሰማ ደሜ ፈላ። ከክምሩ ጀርባ ዘልዬ ወጣሁ። ሰውዬው በድንጋጤ ሊወድቅ ነበር። ስልኩን ቀማሁትና «ሄሎ! ሄሎ! አንቺ ማነሽ? ባለትዳር ነው፣ ሰምተሻል?» ብዬ ጮህኩ።

ማንም አልመለሰም። ስልኩን አየሁት፤ ጠፍቷል።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ግርማ መሬት መሬት አየ። «ከእግዜር ጋር።»

«አትቀልድብኝ!»

«እየቀለድኩ አይደለም። አንቺ መጽሐፉን ስታነቢ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ እንጂ ልጁ ከሞተ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣልኝም። አንድ ቀን እዚህ ስሄድ ዝም ብዬ ማውራት ጀመርኩ፣ ለሰው እንደሚያወሩት። ቀለለኝ። ብቻዬን ሳወራ ያየ ሰው ግን አበደ ይለኛል። ስልክ የያዘን ሰው ማን ልብ ይለዋል? መሃል ላይ እንዳይጮህብኝ ደግሞ አጠፋዋለሁ።»

አላመንኩትም። እዚያው ስልኩን አስከፍቼ የደወለላቸውን ሁሉ አየሁ። እኔ፣ እኔ፣ አለቃው፣ እኔ።

«እና ምን ትለዋለህ?» አልኩት፤ ድምፄ ግን ወርዷል።

«አንዳንዴ የሥራ ቦታ ቀልድ እነግረዋለሁ። አንዳንዴ እቆጣዋለሁ፤ ልጁን ለምን ወሰድክብን እለዋለሁ።» ነጠላዬ ላይ የተጣበቀውን ሣር ነቀለልኝ። «ያን ቀን ሐኪሙ እናቲቱም ላትተርፍ ትችላለች ብሎኝ ነበር። አልነገርኩሽም። እሷን እንኳን ተውክልኝ እለዋለሁ።»

ያ ሻይ ትዝ አለኝ። ድርቆሹ ላይ ተቀምጠን አብረን አለቀስን፤ ከልጃችን ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሯጮቹ ሲመለሱ ያቺው ልጅ አየችን። በዚህ ጊዜ አልቆመችም።

ተለወጥኩ አልልም፤ ዛሬም ዳቦ እገለብጣለሁ። ውዳሴ ማርያሜንም አልተውኩም። ግርማ ስልኩን ሲዘጋ ግን ደስ ይለኛል። ታክሲ ስጠብቅ እኔም ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማውራት ለምጃለሁ። በቀደም ስለ ልጄ ለእግዜር እየነገርኩት፣ እንባዬ እየወረደ፣ ማጥፋቱን ረስቼው ኖሮ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴት አፍጥጣ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው።

የደወለው ግርማ ነበር። «እንዴ፣ ክፍት ነው? ዛሬ አላወራሽውም?» አለኝ።

«እያወራሁት ነው፣ ዝጋ!» አልኩት።