የነገሥታቱ ታሪክ ጸሐፊና እናቴ

ካሴት ወደ ኋላ ሲጠነጠን የሚያሰማው ቀጭን ጩኸት ዛሬም ድንገት ጆሮዬ ውስጥ ይመጣና ያቁነጠንጠኛል። የሚስ ማርጀሪ ቤት ድምፅ ነበር። ሚስ ማርጀሪ እንግሊዛዊት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገራቸውን ነገሥታትና ልዕልቶች የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ ኖረው፣ በስተርጅና ሳን ሆዜ ያለ ወንድማቸውን ተከትለው መጥተው፣ ኤል ሴሪቶ በምትባል ከተማ ዳገት ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እናቴ ትንከባከባቸው ነበር። አባቴ ከኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ስለሚውል፣ እኔም ከትምህርት ቤት ወጥቼ በአውቶቡስ እዚያው እሄድ ነበር።

እናቴ ክረምት የምትለው ዝናቡን ስለነበር፣ እዚያ አገር ዝናብ የሚጥልበት ታኅሣሥም ለእኛ ክረምት ነበር። በዚያ ክረምት አሥር ዓመቴ ነበር። የሚስ ማርጀሪ ዓይን ደክሞ ስለነበር፣ በካሴቶቻቸው ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ የሚፈልጉትን አወጣላቸውና ቴፑ ውስጥ እከትላቸው ነበር። በካሴቶቹ የሚናገሩት ለመጽሐፋቸው ብለው ያነጋገሯቸው የቤተ መንግሥት ወጥ ቤቶች፣ አትክልተኞችና ሾፌሮች ነበሩ። እሳቸው አርፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ከመስኮት እስከ በር እየተመላለሱ ያዳምጡ ነበር፤ እኔም እግሬን እያወዛወዝኩ አብሬያቸው እቅበጠበጥ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ዳገቱ ሲያብብ፣ አንድ ቀን ቴፑን አጥፍተው «እናትሽ ወጣት ሳለች ምን ትፈራ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። የሞተች ንግሥት የጫማ ቁጥር አውቃለሁ፣ የእናቴን ፍርሃት ግን አላውቅም። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። መኪና ውስጥ እንደ ልማዴ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት፣ «ምን ያደርግልሻል? ሆምዎርክሽን ጨርሺ» አለችኝ።

ስለዚህ ማድመጥ ጀመርኩ። ረመዳን በበጋ የገባበት ዓመት ነበር፤ ፀሐይ አልጠልቅ ስትል እናቴ አፍጥር እስኪደርስ ሳን ሆዜ ካለች ጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራ ነበር፤ እኔም ከበር ኋላ ቆሜ የሰማሁትን ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሐይቅ አጠገብ ካለው መንደራቸው ሊድሯት ሲሉ፣ በሠርጓ ዋዜማ ጠፍታ ደሴ መግባቷን፣ በእሷ ምትክ ታናሽ እህቷ ፋጡማ መዳሯን፣ ከዚያ ወዲያም እህትማማቾቹ አለመተያየታቸውን ያወቅሁት እንዲህ ነው።

መስከረም ላይ ደብተሩን ወስጄ ለሚስ ማርጀሪ አነበብኩላቸው። መመላለሳቸውን ትተው ቆሙ።

«ጥሩ ጽፈሻል» አሉኝ። «ራሷ ነገረችሽ?»

«ስልክ ስታወራ ሰምቼ ነው።»

የተጣጠፈ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ የቆመችውን እናቴን ያየሁት ያኔ ነው። እንግሊዝኛዋ ትንሽ ቢሆንም የእህቷን ስም ለመስማት ይበቃ ነበር። ፎጣውን አስቀምጣ፣ «ሺፍቴ አልቋል፣ እንሂድ» አለች። ኦክላንድ ቤታችን እስክንገባ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ሳምንት ሙሉ «ብዪ» እና «ተኚ» ከማለት በቀር አላናገረችኝም፤ እኔም ከክፍል ክፍል ስንከራተት ሰነበትኩ።

በሳምንቱ ሚስ ማርጀሪ ሁለታችንንም አስቀመጡን። አንዲት ልዕልትን ለሠላሳ ዓመት ያለበሰች ሴት ነበረች አሉ፤ አምናቸው ሁሉን ነገረቻቸው፣ አንዱን ነገር ብቻ «ይህን አይጻፉት» አለቻቸው። እሳቸው ግን ጻፉት። መጽሐፉ ተወደደ፤ ሴትዮዋ ግን ቤተ መንግሥቱ በጡረታዋ ከሰጣት ጎጆ ተባረረች፣ ደብዳቤያቸውንም እስክትሞት አልመለሰችም። «ስለ ነገሥታት ብዙ ጽፌ ማንንም አልጎዳሁም» አሉ፤ «የጎዳሁት እሷን ነው። ልጅቷን በጥያቄዬ ያስጀመርኳት እኔ ነኝና፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናቴ እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ። በተሰባበረ አማርኛዬ ተረጎምኩ። እስክጨርስ ሰማችና «እርስዎ ይረፉ፣ የመድኃኒትዎ ሰዓት ደርሷል» አለቻቸው።

ማታ ደብተሩን አምጪ አለችኝ። ትቀደዋለች ብዬ ፈርቼ አመጣሁት። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት፤ ፋጡማ ጋ ስደርስ በእጇ አስቆመችኝ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አለች። «በእኔ ምትክ ማንም አልሰጣትም። በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። ‹አንቺ ሂጂ፣ እኔ እቀራለሁ› አለችኝ። አስተካክለሽ ጻፊው።»

ጻፍኩ። ፊደሉን እሷው እያሳየችኝ፣ በአማርኛ።

ሚስ ማርጀሪ መጽሐፋቸውን ሳይጨርሱ በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። እናቴ አሁን ኒውአርክ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ሳልጠይቃት የምታወራበት ቀን አለ፤ ወሬ ጀምራ መሐል ላይ ዝም የምትልበትም ቀን አለ። ያኔ ቢሆን ከበር ኋላ ሄጄ የቀረውን እሰርቅ ነበር። ዛሬም ልቤ አይረጋም፣ እግሬም አያርፍም፤ ብቻ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ፤ ካልቀጠለችም አልጠይቃትም።