ልብ ሳይደርስ የቀረው መድኃኒት

አቶ ሳህለ ዋሽተዋል ተብለው ከልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ተሰርዘዋል። አልዋሹም። ስማቸውን የሰረዘው ሐኪም በመስከረም 1977 ዓ.ም. በመዝገባቸው ላይ «ሕመምተኛው የታዘዘለትን መድኃኒት አይወስድም» ብሎ ፈርሟል። ይህን ከመጻፉ በፊት እንዴት እንደሚወስዱት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቃቸውም።

አቶ ሳህለ በአስመራ ማተሚያ ቤት ሃያ ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። በ1970 ለንደን ገብተው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ ባለ ሆቴል ሰሐን አጣቢ ሆኑ። ኬኒንግተን ያለው ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከ1975 ክረምት ወዲህ የደረጃውን እኩሌታ ሳይወጡ ደረታቸውን የሚጨምቅ ሕመም ያስቆማቸው ጀመር። ሐኪሙ ለልብ ቀዶ ሕክምና ተራ አስያዛቸው፤ እስከዚያው ናይትሮግሊሰሪን የተባለች ትንሽ እንክብል አዘዘላቸው፤ ሲያማቸው ከምላሳቸው ሥር እንዲያኖሯት ነገራቸው። ለምን ከምላስ ሥር እንደሆነ አልነገራቸውም።

እሳቸው በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። አፍ የገባ የከበረ ነገር ፍርፋሪው እንዳይወጣ ጠበል ይጠጣበታል፤ ይህን እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ያውቀዋል። እንክብሏን ከምላሳቸው ሥር ያኖራሉ፤ ወዲያው ውኃ ይጎነጩባታል፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ሕመሙ አይለቅም። በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሙ «ሲወስዷት ራስዎን ያምዎታል?» ሲል ጠየቀ። «በፍጹም» አሉ። መድኃኒቱ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ራስ ያሳምማልና፣ ሐኪሙ ይህን መልስ የውሸት ማስረጃ አደረገው።

እውነቱን ያገኘችው ምድር ቤት የምትኖረው ዘውዲ ናት፤ በአስመራ የጤና ረዳት (ድሬሰር) የነበረች፣ በለንደን የሆስፒታል ወለል የምትወለውል ሴት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዕቃቸውን ይዛላቸው ወጥታ ሳለ ሕመሙ ያዛቸው። እንክብሏን ሲወስዱ አይታ ሳቀች።

«ምነው ጋሽ ሳህለ፣ ቆረቡ እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ በታመመ ሰው አትቀልጂ!»

«ውኃው ለምንድን ነው?»

«ታዲያ በደረቁ ልዋጥ?»

«የምትዋጥ ከሆነማ ከምላስ ሥር ምን አስኬዳት? ሌላ ይያዙ። ውኃ የለም! አፍዎን ዘግተው ይቀመጡ።»

ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደረታቸው ተፈታ። ቀጥሎ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ዘውዲ! ራሴን ፈለጠኝ!»

«እሰይ!» አለች፤ ዕንባዋ ወረደ።

የሚዋጥ መድኃኒት ከአንጀት በደም ተጭኖ፣ ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ጉበትም ናይትሮግሊሰሪንን በዚያች በመጀመሪያዋ ማለፊያ ከሞላ ጎደል ሰባብሮ ይጨርሰዋል። ከምላስ ሥር የሚነሣው ደም ግን በጉበት ሳያልፍ ወደ ልብ ይሄዳል። ሁለቱን መንገዶች የሚለያቸው አንድ ጉንጭ ውኃ ነው። ዘውዲ ይህን ስታስረዳ አቶ ሳህለ ቀኝ ጎናቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ጉበቴ ይህን የሚሠራው ማንም ሳያዘው ነው?»

«ማንም።»

«ተኝቼም?»

«ተኝተውም። መርዙንም መድኃኒቱንም እኩል ይፈጫል።»

«ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ያለ ዘበኛ ውስጤ ቆሞ፣ አንድ ቀን እንኳ አመስግኜው አላውቅም!» አሉ። መዳፋቸውን ከጎናቸው አላነሡም፤ በመቅደስ ደጃፍ እንደቆመ ሰው ድምፃቸው ዝቅ አለ። ስንት እንክብል እንደበላባቸው እያወቁ ቂም አልያዙበትም። ጉበት መጠየቅ አይችልም። ሐኪሙ ይችል ነበር።

ዘውዲ ውኃውን፣ ደቂቃውንና ራስ ምታቱን ዘርዝራ፣ ስሟንና ሥራዋን ጠቅሳ ለሆስፒታሉ ጻፈች፤ አቶ ሳህለ ፈረሙበት። ከሁለት ወር በኋላ በሁለት መስመር መልስ መጣ፦ የሐኪም ውሳኔ በጽዳት ሠራተኛ አስተያየት አይለወጥም።

«ከተራው ያወጣኝ ጉበቴ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር» አሉ አቶ ሳህለ።

ይህ እስከሚጻፍበት እስከ ጥር 1978 ዓ.ም. ድረስ መዝገቡ አልታረመም፤ ስማቸውም ወደ ተራው አልተመለሰም።