ከጎኔ የተቀመጠችው ኮሌታ ሰፊ

ባሌ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላሁ ይበቃኛል። ዛሬ ግን እጄ ከወትሮው ፈጥኗል፤ የምጽፈው በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ ስለማላውቅበት ሰሞን ነውና።

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፋ አንድ ፋብሪካ ነበር። እኔ ኮሌታ ሰፊ ነበርኩ፤ ባሌ የዚያው ፋብሪካ መካኒክ። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ብስራተ ገብርኤል አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ጠዋት ጠዋት አብረን በአውቶቡስ እንሄዳለን። እሱ ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ እኔ ጊዜያዊ። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረች፣ በዕድሜ ሁለት ሦስት ዓመት የምትበልጠኝ፣ የስፌት መኪናዋ ከመኪናዬ አንድ ክንድ የማይርቅ ሌላ ጊዜያዊ ሴትም ነበረች። የሁለታችንም ውል የሚያልቀው በሠራተኞች በዓል ዋዜማ ነው። አንድ ቀን ካቦው መጣና ለኮሌታ ክፍል የተፈቀደው የቋሚ ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን ነገረን። በበዓሉ የምርት ውድድር ከሁለታችን ብዙ የሰፋችው የቋሚነት ደብዳቤዋን ትወስዳለች፤ ሌላዋ ትሰናበታለች።

ይህች የመኪና ጎረቤቴ ቀድሞም ትቀናብኝ ነበር። አዲስ ሻሽ ካሰርኩ በሳምንቱ እሷም ታስራለች፤ ከዚያ የእሷ ይወፍር እንደሆነ እንድነካው ታስገድደኛለች። ምሳ ዕቃዬን ስከፍት አንገቷን ታሰግጋለች። ውድድሩ ሲመጣ ግን ቅናቷ ሥራ አገኘ። የሰፋነውን ኮሌታ ሃያ አራት ሃያ አራት እያደረግን እናስርና በየእስሩ ላይ የየራሳችን ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት እንሰካለን፤ ካቦው ማታ የሚቆጥረው ያንን ነው። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ የእኔን እስሮች በዓይኗ ስትቆጥር፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አገኛታለሁ። አንድ ጠዋት ደግሞ ክሬ በየስንዝሩ ቋጠሮ ባለበት ክር ተለውጦ ጠበቀኝ።

እኔም ብሆን መልአክ አልነበርኩም። ያለቁትን እስሮች እግሬ ሥር ደብቄ ሦስቱን ብቻ ከላይ አስቀምጣለሁ። እሷ ልቧ ረግቶ ዘና ስትል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውጥቼ እቆልላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ፊቷ ሲለዋወጥ ማየት እንዴት ያስደስተኝ እንደነበር ለመጻፍ አፍራለሁ። ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስፈነጥረኝ ደብዳቤው ብቻ አልነበረም፤ እሷም ነበረች። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ እንኳ እግሬ ወለሉን እንደ መኪናው ፔዳል ይረግጥ ነበር።

ምሳ የምንበላው ግቢው ውስጥ፣ በግንቡ ጥላ ተደርድረን ነው። አንድ ቀን እዚያ እንደተቀመጥን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እኔም መካኒክ ባገባ ኖሮ መኪናዬ ይበርልኝ ነበር" አለች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ይቆጣልኛል ብዬ ለባሌ ነገርኩት። እሱ ግን አልተሳሳተችም አለኝ። ከማግስቱ ጀምሮ አስቀድሞ የእሷን መኪና ያያል፤ ዘይት ያጠጣል፣ መርፌ ይለውጣል። የእኔ የሚታየው በመጨረሻ ሆነ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አልቻልኩም፤ "ለመሆኑ የማን ባል ነህ?" አልኩት።

"ያንቺ ነኝ። ያሸነፍሽ ቀን ማንም ባሏ ረድቷት ነው እንዲልሽ አልፈልግም" አለኝ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

በክፍላችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባላቸው እኛ ነን። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ሁለታችንንም በግንቡ ሥር አስቀመጡንና፣ "ልጆቼ፣ እናንተ ስትሮጡ ኖርሙም አብሯችሁ ይሮጣል። እኛስ በየትኛው እግራችን እንከተለው?" አሉን። ኖርም የሚባለው አንድ ሰው በቀን መስፋት ያለበት ቁጥር ነው፤ ከእሱ የጎደለባት ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል፣ በሦስተኛው ትባረራለች። አምና በቁልፍ መትከያ ክፍል አንዷ ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ፎቶዋ ተሰቅሎ ነበር፤ በወሩ የእሷ ቁጥር የሁሉም ኖርም ሆነ። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን እሺ አልን። ከሰዓት በኋላ ግን መኪናዬ ፊት ስቀመጥና የእሷ መኪና ከጎኔ ሲንጣጣ ስሰማ፣ እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ረገጠ።

የመጨረሻው ቀን ምሳ ሳንበላ ሰፋን። ስምንት ሰዓት ላይ መርፌዬ ተሰበረ። እጄን አነሳሁ። ባሌ የእሷ መኪና ሥር ተንበርክኮ ነበርና ሥራውን ሳይጨርስ ቀና አላለም። እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ የእሷ እስሮች ሲጨምሩ አየሁ። ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን አላየኝም፤ መርፌውን አስገብቶ ግን ብሎኑን ሁለት ጊዜ አጠበቀልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ስፌት ልለው አልችልም፤ የቁልቁለት ሩጫ ነበር። ካቦው ሁሉም ባሉበት ቆጠረ፤ እስራችን እኩል ሆነ። ወዳልታሰሩት ነጠላ ኮሌታዎች ሄደ። በሰባት ኮሌታ በለጥኳት። ዘልዬ ባሌ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ፤ ዘይቱ ቀሚሴን አበላሸው። የእኛ ክፍል ሴቶች አላጨበጨቡም።

ከበዓሉ በኋላ ኖርሙ ወደ እኔ ቁጥር ከፍ አለ። ከእኔ በቀር የደረሰበት ስላልነበረ የክፍሉ ምርት ጎደለ፤ ስለዚህ ካቦው ያሰናበታትን ጎረቤቴን አስጠርቶ ወደ ቦታዋ መለሳት፤ እንደገና በጊዜያዊነት። እትዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተቀብለዋል። እኔ ቋሚ ሆኜ እሳቸው ሊባረሩ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ኖርሜን ሞልቼ ካለፍኩ በኋላ አንድ እስር አነሳሁ፤ የእኔን ወረቀት ነቅዬ የእሳቸውን ቁጥር ሰካሁበትና ከፊቴ ወዳለው ወንበራቸው ሥር በእግሬ ገፋሁላቸው።

ቀና ስል ጎረቤቴ እያየችኝ ነው።

ካቦው ከእኛ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። ይህ ማጭበርበር ነው፤ አንድ ቃል ብትናገር ደብዳቤዬ ይቀደዳል፣ ቦታው የእሷ ይሆናል። ይህን ከእኔ በላይ እሷ ታውቃለች። ካቦውን አየችው። እኔን አየችኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከራሷ ክምር ላይ ሁለት እስር አነሳች። ወረቀቶቹን ለውጣ በወንበሩ ሥር ገፋቻቸውና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"እኔ ሁለት ሰጥቻለሁ" አለችኝ።

ሳቄን ለማፈን ሻሼን መንከስ ነበረብኝ። በማግስቱ እኔ ሦስት ሰጠሁ። እትዬ ግን "የእኔ ሞልቷል" ብለው፣ ከእሳቸው ቀጥላ ለምትሰፋው ሴት አሳለፏቸው።