በኢድ ጠዋት የተከለከለው ቁርስ

የወርቅውሃን በደንብ አውቃታለሁ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ ቢሮዎቹ ወንበር እንኳ ሳይሟላላቸው፣ አሶሳ ተመድቤ ሄድኩና ከእሷ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ተከራየሁ። የማውቀው በዚያ ግድግዳ የሰማሁትን፣ በግቢው ያየሁትንና ራሷ የነገረችኝን ያህል ነው።

በሰፈራው ጊዜ ከወላጆቿ ጋር ከላስታ የመጣች ክርስቲያን ነበረች። ዐብዱልቃድር የሚባል የበርታ ተወላጅ ሾፌር ስታገባ ሰለመች። ኢንዓምንና ሱለይማንን ወለዱ። እሱ በሕይወት ሳለ ኢድ ሲደርስ ልጆቹን ወደ መስገጃው ሜዳ የሚወስደው እሱ ነበር፤ እሷ ቀድማ ወጥታ ከጎረቤት ጋር ምግብ ታሰናዳለች። በዚያ ዓመት ግን ወባ ገደለው። እናቱ ዐፊፋ ከመንጌ መጥተው ለለቅሶ ሲቀመጡ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ወንድና ሴት ሳይለዩ፣ ቁርጡን ነገሯት፦

“ዲን የማያውቅ ልጅ አያሳድግም። ኢድን መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ ልጆቹ ወደ መንጌ ይሄዳል።”

የረመዷን ጾም ተፈትቶ፣ የኢዱ ዕለት ማለዳ ልጆቹን አጥባ አዲስ ልብስ ስታለብሳቸው ይሰማኛል። ኢንዓም ቁርስ ጠየቀች።

“ከሶላት በፊት? እንዴት ተደርጎ!” አለች የወርቅውሃ።

“አባዬ ግን ተምር ይሰጠን ነበር።”

“አባትሽማ ሲያሞላቅቃችሁ ነው። ዛሬ ቀልድ የለም።”

እኔም ልክ መሰለኝ። ባደግኩበት አገር በበዓል ቀን ሳይቀደስ እህል በአፉ የሚያደርግ አልነበረም።

ዐፊፋ ነጭ ቶብ ተከናንበው ሲገቡ እኔ በራፌ ላይ ነበርኩ። ሱለይማን እየሮጠ አያቱ እግር ላይ ተጠመጠመ።

“ሐቦባ፣ ራበኝ! እማዬ ከለከለችን!”

አሮጊቷ ቀጥ ብለው ቆሙ። “ዛሬ ጾም? ዛሬ ጾም ሐራም ነው! አንተ፣ ልጁን ለምን አላበላህም?” አሏት ምራታቸውን።

“ለሶላቱ ክብር ብዬ ነው፣ እማ። እኛ ዘንድ ሳይቀደስ…” ብላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ፊቷ አመድ መሰለ። ኢንዓም የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች።

ዐፊፋ ወደ ምራታቸው ቀረብ አሉ።

“አንተስ በልተሃል?”

“እኔም አልበላሁም።”

“ምንም?”

“ውሃም አልቀመስኩ።”

ያን ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። “ወላሂ፣ የኔ ልጅ እንዲህ አይጠብቅም ነበር! ጨለማ ሳለ ተነስቶ ተምር ይሰርቃል። አንተ አላወቅህም እንጂ አላህን ፈርተሃል። ማወቅ እኔ አስተምራለሁ።” ከቶባቸው ጫፍ የቋጠሩትን ተምር ፈቱና የመጀመሪያውን በምራታቸው እጅ አኑረው፣ ሌላውን ለልጆቹ ሰጡ። እያላመጡ ተያይዘው ወደ ሜዳው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ በልተው፣ ዐፊፋ የመንጌ መኪና ሊሳፈሩ ብቻቸውን ወጡ። “ለዐረፋ ደግሞ እመጣለሁ፤ ልጆቹ እዚህ ይቆይ” አሉ።

የወርቅውሃ በብርጭቆ ከርከዴ አመጣችልኝና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ውሏል።

“ልጆቹን ወስደውብሽ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ድሮው ሃይማኖትሽ ትመለሺ ነበር?”

ልጆቹ ወዳሉበት ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

“ይሄን አልመልስልህም” አለችኝ።