የበረኛው መልቀቂያ

የታሰርንባት ክፍል ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበረች። ተጠርጎ የማያልቅ ብናኝ ወለሏ ላይ ቀርቶ ነበር። የአሰብ ሙቀት ላባችንን ሲያወርደው ብናኙ ከላቡ ጋር ይቦካና ፀጉራችን ላይ ይደርቃል። በሦስተኛው ቀን ራሴን ስዳብስ ግድግዳ የነካሁ መሰለኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ ነው። መስኮት ብለን የምንጠራት አንድ ብሎኬት ተነቅሎ የተተወች ቀዳዳ ነበረች። በእሷ በኩል ትንሽ ንፋስና የወደቡ ድምፅ ይገባል፤ የክሬን ጩኸት፣ የመርከብ ጡሩምባ፣ የወዛደሮች «ሆ!» ማለት።

እኔ የወደብ ጸሐፊ ነበርኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል ስለሚባል ሁለት ተጨማሪ ሥራ ተሸክሜአለሁ። አንደኛው የወደቡ ሠራተኞች እግር ኳስ ቡድን ጸሐፊነት ነው። ሁለተኛው ወዛደሮቹ አቤቱታ ሲኖራቸው መጻፍ ነው። ያን ዓመት የጻፍኩት አቤቱታ አራት መስመር ነበር። በቀትር ሰዓት እረፍት፣ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ይሰጠን ይላል። መልስ ሲጠፋ ወዛደሮቹ አንድ ቀትር ላይ ከመርከቡ ሥር ቁጭ አሉ። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። መሳቢያዬን ከፍተው የአቤቱታውን ረቂቅ ወሰዱ። የቡድኑን መዝገብና ማኅተምም አብረው ወሰዱ። ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚያ ግን ያኔ ማን ያውቃል?

ክፍሏ ውስጥ ስገባ የኳስ ቡድናችን በረኛ ቀድሞኝ ገብቷል።

ዒድ ከምትባል የባሕር ዳር መንደር የመጣ ነው፤ አፋር፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ያን ቀትር ከመርከቡ ሥር ከሁሉም ቀድሞ የተቀመጠ እሱ ነው ተብሎ ተያዘ። እውነት ነው፣ ቀድሞ ተቀምጧል። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሶ ነበርና ጠዋት ጠዋት ዘበኛውን «ከቤት ሰው አልመጣም?» እያለ ይጠይቃል። ሌላ ወሬ የለውም። ሦስተኛችን የደሴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ ሸምገል ያለ፤ የአቤቱታውን ቅጂ አዲስ አበባ አድርስልን ብለነው ጋቢናው ውስጥ ስለተገኘበት ነው የታሰረው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጭነት ሳመላልስ እንደዚህች ወረቀት የከበደኝ የለም» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እንስቅ ነበር። በኋላ መሳቁም ቀረ። ፍርሃት አልነበረም፣ ጀግንነትም አልነበረም። ደንዝዤ ነበር፤ ሰው እግሩ ላይ ሲቀመጥበት ቆይቶ እግሩ የት እንዳለ እንደሚጠፋው።

የኳሱን ነገር እዚህ ላይ ማስገባት አለብኝ፣ ያለሱ የሆነው አይገባም።

በዚያ ዓመት የአሰብ ቡድኖች ሁሉ ያረጁ ተጫዋቾቻቸውን እየተኩ ነበር። የነዳጅ ማጣሪያው ቡድን የበሰለ ተጫዋች ያስመጣል። ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራ፣ ከድሬዳዋ ጠርቶ ሥራና ቤት ይሰጠዋል። አንድ በያጅ መጥቶ ነበር፣ ሲበይድ ያየው ሰው የለም፤ ግራ እግሩን ግን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። እኛ የምንሰጠው ሥራም ቤትም ስላልነበረን ከወዛደሩ መሐል እናሳድጋለን። ይህ እጥረት ነበር፤ እኔ ግን እምነት አደረግኩት። ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እላለሁ። ማስረጃዬ በረኛው ነበር። ከላይ የሚወረወርለትን ጆንያ በደረቱ ሲቀበል አይቼው ጨው ያበቀለው ሜዳ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ አራት ዓመት ፈጀብን። ሲሰናበት እንኳ በክብር ነው እያልኩ አንድ ደንብ አውጥቼ ነበር። ቡድኑን የሚለቅ ተጫዋች በሁለት ምስክር ፊት «በፈቃድህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም እንደወረደ መዝገብ ላይ ይጻፋል። አንድ ጊዜ አንድ አለቃ ተጫዋቻችንን ሳይጠይቀው ለሌላ ቡድን ስለሰጠብን ነው። ልጆቹ «ጸሐፊ ጋብቻ አደረገው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ተጫዋች የሚገኝበት ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ያወቅኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ያሰሩን ሰዎችም ቡድን ነበራቸው። ማጣሪያ የላቸውም፤ ለማሳደግም ትዕግሥት የላቸውም።

በአሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ መቶ አለቃ ገባ። ከኋላው ዘበኛው በርጩማ፣ የቡድናችንን መዝገብና ማኅተሙን ይዟል። መዝገቡን ሳይ ዘመድ ያየሁ መሰለኝ፤ ከአሥር ቀን ወዲህ የተሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

መቶ አለቃው ተቀመጠና በደህና ሰው ድምፅ ጀመረ። «የኛ በረኛ ጉልበቱ ወልቋል። ውድድሩ ደግሞ ደርሷል። ይህን ሰውዬ አይቼዋለሁ፣ እጁ አጥር ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «መልቀቂያውን ጻፍለት። ፈርም፣ ማኅተም አድርግበት። እሱ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። አንተም ብዙ አትቆይም።»

ብዕሩን ሰጠኝ። በረኛው ቀዳዳዋ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል። ሚስቱን እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ። መልቀቂያ መጻፍ ለእኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እጄም መዝገቡን ገልጦ ቀኑን ጻፈ። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ጥያቄው ነበር፤ ከልማድ የተነሣ ዘልዬው መሄድ አቃተኝ።

«ጌታዬ፣ በደንባችን መጀመሪያ እሱን መጠየቅ አለብኝ» አልኩ።

«ጠይቀዋ! ማን ከለከለህ?» ሳቀ። «እምቢ የሚል መሰለህ?»

«ሁለት ምስክርም ያስፈልጋል።»

«ይኸው ሾፌሩ፣ ይኸው ዘበኛው። ቶሎ በል።»

ቆምኩ። ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር የምጠይቀው። ከቡድናችን ወጥተህ ወደ ሌላ ቡድን ልትዛወር ነው፣ በፈቃድህ ነው? አልኩት። አዎ እንዲለኝ እፈልግ ነበር፣ ሚስቱ ጋ እንዲገባ። አይደለም እንዲለኝም እፈልግ ነበር። ሁለቱንም እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነበር የማስበው።

ቀና ብሎ ቀዳዳዋን አየ። ውጭ ክሬኑ አንዴ ጮኸ።

«ውጭ ጠይቀኝ» አለ።

«ምን አለ?» አለ መቶ አለቃው።

«ውጭ ጠይቀኝ ነው ያልኩት» አለ በረኛው ራሱ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እዚህ ቁልፉ ያንተ ነው፤ እሺ ብልም እሺታው ያንተ ነው። የኔን ከፈለጋችሁ ውጭ ጠይቁኝ።»

«ሚስትህ እኮ ልትወልድ ነው፣ አንተ ሰው!» አለው መቶ አለቃው።

«አውቃለሁ።»

ተቀመጥኩና መዝገቡን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በዚያ ያምራል በሚባል እጄ፣ እንዲህ ጻፍኩ። «ቦታ፦ እስር ቤት። ተጫዋቹ ሲጠየቅ ‹ውጭ ጠይቀኝ› ብሎ መልሷል።» ፈረምኩ። ሾፌሩ ሳይጠራ መጥቶ ከሥሬ ፈረመ። ዘበኛው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ማኅተሙን አልነካሁትም። ብዕሩን ከድኜ በሁለት እጄ ለመቶ አለቃው መለስኩለት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ መልቀቂያ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። ቃለ ጉባኤ ነው።»

አልመታንም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡና ቀዳዳዋ ላይ ቆርቆሮ መትተው ደፈኗት። ቀሪውን ጊዜ በሩ ሥር ባለው ክፍተት በተራ አፋችንን እየደቀንን ተነፈስን። ሾፌሩ ተራው ደርሶ ሲተኛ «እኔ ኳስ አላውቅም፣ የዛሬዋን ግን ሲይዛት አየሁ» አለ።

ከዚያ በስድስተኛው ቀን ምግብ ያመጣ ሰው ለዘበኛው ነግሮት ዘበኛው ለበረኛው ነገረው። «ወልዳለች፤ ሴት ናት አሉ» አለን በረኛው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አመሻሹ ላይ፣ በሩ ሥር ጎን ለጎን ሆነን፣ «የኔ ደንብ ነው ያስቀረህ» አልኩት።

«ወላሂ፣ ደንብህ ጠየቀ እንጂ አልመለሰም» አለ። «የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ከወር በላይ ቆይተን ተፈታን። ወደቡ በመርከብ ተጨናንቆ ሰው ስላጠረ ነው ይባላል፤ ለእኛ የነገረን የለም። ቀበቶዬንና መዝገቡን መለሱልኝ፤ ማኅተሙን አስቀሩት። ከተፈታንም በኋላ ድንዛዜው አልለቀቀኝም። ቤት ገብቼ ሰው ሲያለቅስልኝ ዝም ብዬ አያለሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በረኛው ከወደቡ ዳር ጆንያ ተሸክሞ ወደ እኔ መጣ። ጆንያውን አወረደ።

«ጸሐፊ፣ አሁን ጠይቀኝ።»

«ምኑን?»

«ማጣሪያው በረኛ ይፈልጋል። ቋሚ ሥራ አለ፣ ቤትም ይሰጣሉ።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። እስር ቤት ያጣሁት ንዴት በሙሉ እዚያ ቆሜ መጣብኝ። ቆርቆሮ ሲመቱብን ዝም ያልኩ ሰው፣ ቤት ልግባ ባለ ሰው ላይ ጮኽኩ። አራት ዓመት፣ ጨው ሜዳ ላይ! አልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ! አልኩ።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ወርቁም እኔ፣ ባለቤቱም እኔ ነኝ» አለ በቀስታ። «የቡድኑም አይደለሁም፣ ያንተም አይደለሁም። ልጄ ቆርቆሮ ቤት ነው የምትተኛው። ጠይቀኝ፣ ጸሐፊ።»

ያለቀስኩት እዚያ ነው፣ በሰው ፊት። ሁለት ወዛደሮች ጆንያቸውን አውርደው ምስክር ሆኑ። መዝገቡን አስመጥቼ ሸክሙ ላይ ዘረጋሁና ጠየቅኩት።

«በፈቃዴ ነው» አለ።

ማኅተም ስለሌለን መልቀቂያው ላይ ፊርማዬን ብቻ አኖርኩ። የማጣሪያው ቡድን ጸሐፊ «ማኅተሙስ?» ሲለኝ የት እንደቀረ ነገርኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለኝ። በመጀመሪያው ግጥሚያ በረኛው ለእኛ አንዲት ጎል እንኳ አልፈቀደልንም። ተነሥቼ አጨበጨብኩለት፤ የወደቡ ሰዎች ለሳምንት አላናገሩኝም።

አሁን አርጅቻለሁ። የልጆቼ ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የትኛው ክለብ በመግዛት፣ የትኛው በማሳደግ እንደሚሻል ይከራከራሉ። እኔንም ይጠይቁኛል። «ተጫዋቹን ጠይቀውታል ወይ?» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ አባባ የድሮ ሰው ነው ይላሉ። መዝገቡ አልጋዬ ሥር ነው። ሁለቱ መልሶች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከላይኛው ሥር የዘበኛው ፊርማ ቦታ ባዶ ነው። አንዳንድ ቀን አወጣውና እጄን በገጹ ላይ አሳልፋለሁ። ትንሽ የሲሚንቶ ብናኝ እስካሁን ይወጣዋል።