ሦስተኛው እጅ የእኔ ነበር

ልጅቷ ከቡድናችን ትሂድ ብለው እጃቸውን ካወጡት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ስለ እሷ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አውርቼ ራሴን እንደ ጻድቅ ማሳየት አልፈልግም፤ እሷም ብትሰማኝ በሳቅ ነው የምትገድለኝ።

ቡድናችን የፋብሪካ ቡድን ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ከሚሰፉት ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ሆኜ እሠራለሁ። በግቢው ያሉ ፋብሪካዎች የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አላቸው፤ በዓመት አንዴ ለዋንጫ እንጫወታለን። ዋንጫው ምን የሚያህል መሰላችሁ? የሽሮ ድስት አያክልም። እኛ ግን ለእሱ ስንል እንኮራረፋለን፣ እንላቀሳለን፣ ሰኞ ጠዋት ማሽን ላይ ተቀምጠን እንኳ እንወራረፋለን። እኔ የመሃል ተከላካይ ነኝ፤ አራት ዓመት አምበል ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ብርድ ሲነካው ይነዘንዘኛል፣ አፌ ግን ገና ጤነኛ ነው።

እሷ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከወሎ መጥታ መገናኛ አካባቢ አጎቷ ጋ ትኖራለች፤ አጎቷ እዚያው አንሶላና ብርድ ልብስ ይሸጣል። ኮሌታ የሚገጠምበት ማሽን ላይ፣ እኔ መስመር ውስጥ ተመደበች። በመጀመሪያው እሁድ ሻሿን አገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከቁምጣው ሥር ረጅም ታይት ለብሳ፣ የሰው ታኬታ ተውሳ ሜዳ ገባች። ሜዳ ስል ደግሞ ሣር እንዳይመስላችሁ፤ ጠጠርና አቧራ ነው፣ የወደቀ ቆዳውን ትቶ ነው የሚነሳው። ኳሱን በቀኝ በኩል ተቀበለች። የመጀመሪያዋን ተከላካይ በትከሻዋ ብቻ አታለለቻት፤ ሁለተኛዋን በእግሮቿ መሃል ሎጬ ሠራቻት፤ በረኛዋ ስትወጣባት ቀና ብላ አየቻትና ኳሱን ቀስ አድርጋ ጥጉ ላይ አስቀመጠችው። ማርያምን፣ ጮኬ ጉሮሮዬ ነቃ! ሮጬ ሄጄ ስጠመጠምባት “ለቀቅ አድርጊኝ፣ ሻሼ ይፈታል” አለችኝ። ከሥራ ውጭ የመጀመሪያ ንግግራችን ይህ ነው።

እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ እምቢታም አይቼ አላውቅም። አሰልጣኛችን የመጋዘን ኃላፊው ናቸው፤ ሃምሳን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ለክለብ የተጫወቱ፣ ለእኛ ሲሉ እሁዳቸውን ከቤተሰባቸው የነጠቁ ደግ ሰው። “ኳስ ስናጣ ተመልሰሽ ተከላከይ” ይሏታል። “አይ ጋሼ፣ እኔ ከተመለስኩ ማን ያገባልዎታል?” ትላለች። በእርስዎ ታናግራቸዋለች፣ ትንሽ ጎንበስም ትላለች፣ እምቢታዋን ግን አትለቅም። አንድ ቀን ሊቀይሯት ቁጥሯን ጠርተው ተተኪዋ መስመሩ ላይ ቆማለች። እሷ ከወዲያ ማዶ “ጋሼ፣ አንድ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ” ብላ ጮኸች። አልወጣችም፤ በአራተኛው ደቂቃ አገባች። ያን ቀን ደሜ ፈልቶ “አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው!” ብዬ አምባረቅኩባት። አፌ ይህን ይላል፣ ሆዴ ግን አንጀቴን አራስሽው ይላታል። እኔ በዕድሜዬ ለአንድም አለቃ “አምስት ደቂቃ ይስጡኝ” ብዬ አላውቅም።

ነገሩ የከረረው በበሶው ነው። አሰልጣኙ እሁድ እሁድ በእረፍት ሰዓት የሚጠጣ በሶ በስኳር በጥብጠው ያመጣሉ። ሁላችንም ከአንድ ጆግ ነው የምንጠጣው፤ ተሰላፊውም ተቀያሪውም፣ በመጨረሻም እሳቸው። ስንት የተኮራረፉ ልጆች በዚያ ጆግ ታርቀዋል። እሷም ከእኛ ጋር ስትጠጣ ነው የኖረችው። ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ያን ሰሞን ጨዋታ አልነበረንም፤ ፋሲካም ኢድም አልፎ ስንመለስ ግን ጆጉ እሷ ጋ ሲደርስ “ይቅርብኝ” ብላ ለጎኗ ማቀበል ጀመረች። አንድ እሁድ፣ ሁለት እሁድ፣ ሦስት እሁድ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ከሰው ጋር አልጠጣም ያለ ሰው ወይ ቂም ይዟል፣ ወይ ንቆናል፣ ወይ ልቡ ሄዷል። ሌላ ምን ሊባል ይችላል?

ልቧ ሄዷል የሚያሰኝም ነገር ነበር። ጎረቤታችን ያለው የጫማ ፋብሪካ እሷን ስጡንና ሁለት ተከላካዮች እንስጣችሁ ብሎ ጠይቆ ነበር። በእኛ ግቢ ተጫዋች ሲዛወር ሥራውም አብሮ ነው የሚዛወረው፤ ሁለቱ አስተዳደሮች ተስማምተው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ለእሷ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እኛ ጋ ኮሌታ ላይ አንደኛ ሆናለች፣ የመስመር መሪነት ሊሰጣት ነው። ጫማው ጋ ስትሄድ ግን እንደ አዲስ ሠልጣኝ ከማስቲሽ ክፍል ትጀምራለች። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለእድገቱ ያጨኋት እኔው ነኝ።

በአምስተኛው እሁድ አሰልጣኙ ጆጉን ራሳቸው ይዘው ወደ እሷ ሄዱ። መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጎንበስ ብለው ወደ አፏ አስጠጉላትና “አንድ ጉንጭ፣ አፈር ስሆን” አሏት። አንድ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ አፈር ስሆን ሲል የጠገበም ይጎርሳል። እሷ ፊቷን አዞረች። “ጋሼ፣ በአላህ ይተዉኝ” አለች። ሰውዬው ጆጉን ይዘው ቆመው ቀሩ፤ የራሳቸውንም ሳይጠጡ መሬት አስቀመጡት። እሷን ባንቃት ደስ ባለኝ።

ጨዋታው እንዳለቀ ኮሚቴው ካንቲን ውስጥ ተሰበሰበ። አምስት ነን፤ አሰልጣኙ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ፣ በረኛችን፣ ማሊያ የምትይዘው ልጅ እና እኔ። ለጫማው ፋብሪካ ትሂድ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። አሰልጣኙና የሰው ኃይሉ ሰውዬ አወጡ። ሁለቱ ልጆች አላወጡም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አሰልጣኙ ጆጉን ይዘው መቆማቸው ትዝ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት አዳዲስ ተከላካዮች ሲመጡ ጉልበቴ የሚያገኘው እረፍትም ትዝ አለኝ። እጄን አወጣሁ። ለእሷ ሰኞ ከሰዓት አሰልጣኙ ሊነግሯት ተስማምተን ተበተንን።

ስወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። እሁድ ሰርቪስ የለም፣ ታክሲ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ “ብቻሽን ከምትሄጂ ብዬ ጠበቅኩሽ” አለችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ አግኝተን ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ ስለ ጨዋታው ታወራለች፣ እኔ በመስኮት አያለሁ። መገናኛ ልንደርስ ስንል መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን። ፀሐይ ገብታለች። ከአንድ መስጊድ አዛን ተሰማ። ከቦርሳዋ አንዲት ተምር አወጣች፣ “ቢስሚላህ” ብላ ጎረሰች፣ ከላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ጠጣች። ጠርሙሱን እስኪያልቅ ከአፏ አላነሳችውም።

“ፆመሽ ነው እንዴ የዋልሽው?” አልኳት።

“እህ።”

“የምን ፆም ነው? ረመዳን ካለፈ ስንት…” ብዬ ሳልጨርስ ምላሴን ነከስኩ። እኔ እኮ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንዲት የወሎ ሴት ጋር በአንድ ግቢ ኖሬአለሁ። በረመዳን የወር አበባ መጥቶባት የፈታችውን ቀን ሰው ሳያውቅባት ቆይታ ስትፆም፣ ቀዷዬ ነው ስትለኝ፣ ስንት ጊዜ አብሬያት ደብቄአለሁ። ይህን የማውቅ ሴት አምስት እሁድ ዓይኔ እያየ ሳይገባኝ ቀረ።

“ቀዷ ነው?” አልኳት በጆሮዋ።

“ዛሬ አምስተኛው ነው። ሁለት ቀረኝ። በሥራ ቀን ሞክሬው ነበር፤ ራሴን አዙሮኝ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ከዚያ በእሁድ አደረግኩት።”

“ለምን አትናገሪም ታዲያ?”

“ለማን? ለጋሼ? የወር አበባ ላይ ስለነበርኩ ነው ልበላቸው?”

“ለእኔስ?”

“አንቺ አምበል ነሽ። አሰልጣኝ የጠየቀሽን ትመልሻለሽ።”

እውነቷን ነው። “የኔ እህት፣ እኛ እኮ የናቅሽን መስሎን ነው…” ብዬ ጀመርኩ፤ የኮሚቴው ነገርም ሳላስበው ከአፌ አመለጠ። ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

“ሰጣችሁኝ?”

“አዎ።”

“ስንት ለስንት?”

“ሦስት ለሁለት።”

“አንቺስ?”

እጄን ከጭኔ ላይ ትንሽ ከፍ አደረግኩ። ሚኒባሱ ትንሽ ተንቀሳቅሶ እንደገና ቆመ። “ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ሲያውቁ ይጸጸታሉ” አልኳት።

“አትነግሪያቸውም!” ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። “በአፌ ከሆነ የምታባርሩኝ አባርሩኝ፣ የሠራሁት ነው። ደግሞ ባልፆምም ኖሮ ለመከላከል አልመለስም ነበር። በፆሜ አዝናችሁ ካስቀራችሁኝ ግን፣ ወላሂ፣ አንድ ቀን አልጫወትም።”

መገናኛ ስንወርድ “ደህና እደሪ” ብላኝ በሰው መሃል ገባች። ቀና ብላ ነው የምትሄደው። እንደዚያን ቀን በሰው ቀንቼ አላውቅም።

ሰኞ ሥራ ሳይጀመር መጋዘን ሄድኩ። አሰልጣኙ የጨርቅ ጣቃ ያስደረድራሉ። “ትናንት ያወጣሁትን እጅ መልሼአለሁ” አልኳቸው። “ደብዳቤው አልወጣም፤ አሁን ሦስት ለሁለት ትቅር ነው።”

“ምን ተገኘ?”

“ተሳስቻለሁ።”

“ምን ላይ?”

“አልናገርም።”

መነጽራቸውን አወለቁ። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ያዘኑ ነው የመሰሉት። “አንቺን እኮ የማምነው ነገር ስለማትደብቂኝ ነው። እሷ ፊቷን አዞረችብኝ፤ አንቺም ልታዞሪብኝ ነው? ወይ ምክንያቱን ንገሪኝ፣ ወይ የአምበል ማሰሪያውን መልሺ።”

አንዲት ቃል ብናገር ያበቃል። እሳቸው ደንግጠው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ እኔም ከነክብሬ እመለሳለሁ። ግን በእሷ ገላ ላይ፣ በእሷና በፈጣሪዋ ጉዳይ ላይ ነው የምደራደረው። “አልናገርም አሰልጣኝ። እሷም አትሄድም” አልኩ፤ ከቦርሳዬ ማሰሪያውን አውጥቼ ጣቃው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ መስመሬን አስጀመርኩ።

ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ፋብሪካውን አዳረሰ፤ አምበሏ ተባረረች፣ ልጅቷ ቀረች። ከማሽኗ ተነስታ መጣችና ፊቴ ተገተረች። “ማን ለምኚልኝ አለሽ?”

“ማን ለመነ? አልናገርም ነው ያልኩት።”

“ሌላ ምንም አላልሽም?”

“ምንም።”

ወደ ማሽኗ ተመልሳ ኮሌታዋን መስፋት ቀጠለች። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ ሰው አይደለሁ?

እሁድ ደረሰ። ማሰሪያው ለበረኛዋ ተሰጥቷል፣ እኔ ተራ ተጫዋች ሆኜ ገባሁ። ሊጀመር ሲል አጠገቤ መጥታ ቆመች። “የት ልቁም?” አለችኝ።

“አምበሏን ጠይቂ።”

“አንቺን ነው የጠየቅኩት።”

ግራ ገባኝ። “ከፊቴ ቁሚ፣ ጉልበቴን አሞኛል” አልኳት፤ ለቀልድ ያህል ነው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ከፊቴ አልተነሳችም። የመጣብኝን ሁሉ እየሮጠች አስጣለች፣ ወደ ፊት ሂጂ ብላትም አልሄድ አለች፤ የተቃራኒውን ጎል በሩቁ ነው ያየችው። እኛ ምንም ሳናገባ አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። አሰልጣኙ በመስመሩ ላይ ሆነው “ዛሬ ገና ታዘዘች!” ይላሉ፤ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው ለራሳቸውም አልገባቸውም።

ሲያልቅ ጠጠሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ፊቷ ተንበርክኬ ሻሿን አስተካከልኩላት፤ እንባዬ መጣ።

“ሁለተኛ እንዳትታዘዢኝ” አልኳት።